ዓም ባኹምና ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ

ዓም ባኹም፣ አጎቴ ባኹም እንደማለት ነው፣ የቤተ ሙከራችን ኃላፊ ነበሩ። "ኃላፊ" ስል ትልቅ ወንበር እንዳይታያችሁ፤ ሀብታቸው አንድ እግሩ የሚወላገድ በርጩማ፣ ጠርሙስ የታጨቀበት ቁም ሣጥንና ወገባቸው ላይ የሚንሿሿ የቁልፍ ዘለላ ነበር። እኔ ኬሚስትሪ ላስተምር ግብፅ፣ ደመንሁር ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ስመደብ፣ እሳቸው ሠላሳ አራት ዓመት አገልግለው ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ቀርቷቸው ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን በእጃቸው ሥር የአንዲት ተማሪ ጣት ተቃጥሎ አያውቅም። ይህን የሚያወሩት ግን እሳቸው ሳይሆኑ ባለቤታቸው ኡም ቄርሎስ (የቄርሎስ እናት) ናቸው። ገበያ ላይ ቲማቲም ሲመርጡ አግኝታችሁ "ዓም ባኹም እንዴት ናቸው?" ብትሏቸው፣ "ደህና ነው" ከማለታቸው በፊት የሚመጣው ይኸው የጣት ነገር ነው።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ወጥቻለሁ፤ ስለ አሲድ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም። እውነቱን ልናገርና ዓም ባኹም ያናድዱኝ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፈሪክ አሲድ ፈልጌ የሄድኩ ቀን በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ትንንሽ ወረቀት ላይ ስም ይጽፋሉ። የእጅ ጽሑፋቸው የሠርግ መጥሪያ ነው የሚመስለው።

"ዓም ባኹም፣ ትንሽ አሲድ ቶሎ ይስጡኝ፤ ተማሪዎቹ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል" አልኳቸው።

"ቁጭ ካሉማ ጥሩ ነው፤ የሚቸኩለው የቆመ ነው" አሉኝ ብዕራቸውን እንኳ ሳያነሱ። "የምትቀጂበት ዕቃ የታለ?"

"ይኸው።"

"ስሙስ?"

"ገና ባዶ ነው እኮ! የምን ስም ይጻፍበት?"

"ልጅ ሳይወለድ ስም ብታወጪ ቸኮለች ይሉሻል። አሲድ ግን ሳይቀዳ ነው ስሙ የሚጻፈው። ከቀዳሽ በኋላማ ስልክ ይጮሃል፣ ደወል ይደወላል፣ አንዷ መጥታ ወሬ ታመጣልሻለች። ከዚያ የትኛው ጠርሙስ ምን እንደያዘ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው።"

ስሙ ሲጻፍ ደግሞ ሥርዓቱ ይጀመራል። መነጽር ማድረግ። እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት ማጥለቅ። ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ የተሰፋውን ሽርጥ መታጠቅ። ቧንቧው ውሃ መኖሩን ከፍቶ ማየት፣ አሲድ ቢፈስ የሚያከሽፈውን የሶዳ ዱቄት ባልዲ ክዳን ማንሳት፣ መስኮቱን መክፈት። ይህ ሁሉ አንድ ሲኒ ለማትሞላ አሲድ! ሰልፈሪኩን እንደ ትልቅ ሹም "ፓሻው" ነው የሚሉት። "ፓሻው ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይወርዳል እንጂ ውሃ ወደ ፓሻው አይወጣም። ውሃ አናቱ ላይ ካፈሰሽበት ፊትሽ ላይ ይተፋብሻል" እያሉ፣ ውሃውን በብርጭቆ ዘንግ እያማሰሉ ጠብ ጠብ ያደርጉታል። ልጃገረዶቹ ንግግራቸውን በቃላቸው ይዘውት ኮሪደር ላይ እየተንጎራደዱ ሲያስመስሏቸው፣ ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

"ኧረ ዓም ባኹም፣ በዚህ አካሄድ እኮ ዓመቱ ሊያልቅብን ነው!" እላቸዋለሁ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ አብላ ነጅላ። ይኼን ግን ብታፈሺው አትለቅሚውም" ይሉኛል፤ እኛ አገር ሴት መምህርን "አብላ" ነው የምንላት።

እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ።

ጥንቃቄያቸው ከየት እንደመጣ የሰማሁት ኋላ ነው። አባታቸው የመኪና ባትሪ ጠጋኝ ነበሩ። "የልጅነት ሱሪዬ ሁሉ ወንፊት ነበር" ይላሉ እየሳቁ። አባታቸው ዕድሜያቸውን ግማሹን በአንድ ዓይን እንደኖሩ ሲናገሩ ግን አይስቁም። ቤታቸውም ቢሆን ከቤተ ሙከራው ብዙ አይለይም። አንድ ቀን ለፋሲካ ኩኪስ ጠርተውኝ ወጥ ቤት ብገባ፣ የጨው ዕቃው ላይ "ጨው"፣ የስኳሩ ላይ "ስኳር" ተብሎ፣ የተገዛበት ቀን ጭምር በዚያ በሠርግ መጥሪያ ጽሕፈት ሰፍሯል።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ጨውና ስኳር መለየት ያቃታት ሴት መስዬ ኖርኩልሽ" አሉኝ ኡም ቄርሎስ። ሲናገሩት ግን ፊታቸው ላይ ኩራት ነበር።

በረመዳን ደግሞ ሌላ ጉድ አላቸው። ክርስቲያን ስለሆኑ አይጾሙም፤ ነገር ግን ጾመኛ ፊት ውሃ መጠጣት ነውር ነው ይላሉ። አሲድ ባለበት ክፍል ደግሞ የሚጠጣ ነገር ዝር አይልም። ስለዚህ ሲጠማቸው የብስክሌት ማቆሚያው ጀርባ ይሄዱና፣ በግንቦት ፀሐይ ራሰ በራቸውን እያስመቱ፣ ከብስክሌቶቹ መሃል ጎንበስ ብለው ይጎነጫሉ። የሚያያቸው ሰው የሆነ ነገር የሰረቁ ነው የሚመስሉት።

"ባኹም፣ ከኛ ይልቅ የጾምከው አንተ ነህ!" እያሉ ዘበኛችን ዓም ሸልቢ ይቀልዱባቸዋል።

"ዝም በልና ጹም! መቀለድ ይከለከላል ተብሎ አልተነገረህም?" ይሏቸዋል መልሰው።

እንግዲህ የኛ ከተማ ልማድ እንዲህ ነው። በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ መንገድ ላይ የቀረ ሾፌር መቼም አይጠፋም። ጎረምሶች የካይሮና የእስክንድርያው መንገድ ዳር ቆመው በመኪናው መስኮት ተምርና ውሃ ያቀብሉታል። ውሃው ከየቤቱና ከየመሥሪያ ቤቱ ነው የሚዋጣው። እኛ ጋ እያንዳንዱ መምህር ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ ጠርሙስ ውሃ የዓም ሸልቢ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ዓም ሸልቢ ሳጥን ውስጥ ይደረድሩታል፤ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ባጃጅ መጥቶ ይወስደዋል። ይህን እኔም አሳምሬ አውቃለሁ። ከወሩ አንድ ቀን እንኳ አላጎደልኩም።

ያን ዕለት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ካለው የወንዶች ትምህርት ቤት ኡስታዝ ረኡፍ የሚባል የኬሚስትሪ መምህር ደወለልኝ። ለነገ የተግባር ፈተና አሲድ አልቆበታል።

"ግማሽ ሊትር ብቻ፣ በእናትሽ!"

"ዓም ባኹም የሉም፣ ቀብር ሄደዋል።"

"ታዲያ አንቺ የኬሚስትሪ መምህር አይደለሽም እንዴ? ዘበኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪልኝ፤ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።"

"መምህር አይደለሽም እንዴ?" የምትለዋ ነካችኝ። ትርፉን ቁልፍ ከዳይሬክተሯ ከአብላ ኢቲማድ ቢሮ አምጥቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ባዶ የብርጭቆ ጠርሙስ ብፈልግ የለም፤ ሁሉም ስም ተለጥፎባቸው ሞልተው ተሰልፈዋል። ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ለሾፌሮቹ ያመጣኋት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አለች። ውሃዋን መስኮቱ ላይ ያለውን አበባ አጠጣሁና ጠርሙሷን ጠብታ እስከማይቀርባት አደረቅኳት። ፓሻውና ውሃ እንደማይዋደዱ አውቃለሁ፤ በማዕረግ ነው የተመረቅኩት! መነጽሩም ጓንቱም ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ባዶ እጄን ነው የቀዳሁት።

ስም ልጽፍበት ለአፍታ አሰብኩ። ከዚያ ግን እንዲህ አልኩ፤ ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት፦ "ረመዳን ነው። በጠራራ ፀሐይ ማን ውሃ ይጠጣል?" እንዲያውም ከዓመቱ ወራት ሁሉ አሲድ በውሃ ጠርሙስ ለማኖር ከረመዳን የተሻለ ወር የለም ብዬ በብልጠቴ ተደነቅሁ። ክዳኑን አጥብቄ፣ ላዩን አጥቤ አድርቄ፣ ዓም ሸልቢ ለሶላት ስለወጡ ባዶ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሚኒባሱን በሩጫ ደረስኩበት።

እቤት ሳምቡሳ እየጠቀለልኩ ሳለ ኡስታዝ ረኡፍ ደወለ።

"ነጅላ፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም እኮ።"

"እንዴት ምንም የለም?"

"የሻይ ብርጭቆና መቁጠሪያ አለ። አሲድ የለም።"

ሊጥ በያዘ እጄ ለዓም ሸልቢ ደወልኩ።

"ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀመጥኩት ጠርሙስ የት ሄደ?"

"ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት፣ ልጄ፤ አላህ ይቀበልሽ! ከብዶኝ ነበር እኮ፤ የመምህር ነገር ሲከብድ ያምርበታል አልኩና..."

"ባጃጁስ?"

"ኧረ እሱ ከሄደ ቆየ።"

ለመግሪብ፣ ለጾሙ መፍቻ፣ አርባ ደቂቃ ቀርቷል። በመንገዱ ዳር የጎረምሶቹ አለቃ ቱልባ የሚባል ልጅ ነው፤ ስልኩን ደጋግሜ ብደውል አያነሳም። እያንዳንዱ ጥሪ ሳይነሳ ሲቋረጥ፣ አንድ የተጠማ ሾፌር ክዳን ሲከፍት ይታየኝ ነበር። ምን ልሁን? በመጨረሻ በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ላነጋግረው ወደማልፈልገው ሰው ደወልኩ።

ስልኩን ያነሱት ኡም ቄርሎስ ናቸው። "ሽንኩርት እየላጠ ነው፤ እንዳያስለቅሰው የቤተ ሙከራ መነጽሩን አድርጎ። ነይና እዪው!" ብለው እየሳቁ ሰጧቸው።

የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ስድብ ስጠብቅ ጥያቄ መጣ።

"ምን ያህል ነው?"

"ግማሽ ሊትር።"

"የቀጠነው ነው ወይስ ፓሻው ራሱ?"

"ፓሻው ራሱ።"

"ክዳኑ ጠብቋል?"

"አዎ።"

"ታክሲ ያዥና መንገዱ ዳር ነይ። እንዳትሮጪ። የሮጠ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል።"

ስደርስ እሳቸውም በብስክሌታቸው ከተፍ አሉ። ሽርጡን ታጥቀዋል፤ የሶዳው ባልዲ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል፤ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታሉ። ከመንገዱ ዳር በረዶና ውሃ የሞላበት ትልቅ በርሜል ቆሟል፤ ከሁለት መቶ ያላነሱ ጠርሙሶች ውስጡ ይቀዘቅዛሉ። ሠላሳ የሚሆኑት ደግሞ ወጥተው ትሪ ላይ ተደርድረዋል። መኪናዎች ፍጥነታቸውን መቀነስ ጀምረዋል። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቀረም።

"ቱልባ፣ አንድም ጠርሙስ ከዚህ እንዳይወጣ" አሉ ዓም ባኹም።

"ምነው ዓም ባኹም? እርስዎ እኮ አይጾሙም፤ ምን አስቸኮለዎት?" አለ ቱልባ፤ ጎረምሶቹ ሳቁ።

"ከነዚህ ውስጥ አንዱ አሲድ ነው።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ወዲያው ሦስት አራት ልጆች እጃቸውን በርሜሉ ውስጥ ሊከቱ ተንደረደሩ።

"እጃችሁን አውጡ!" ዓም ባኹም ሲጮሁ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ፕላስቲኩን ከቀን ጀምሮ ሲበላው ውሏል። ብትጨብጡት እጃችሁ ላይ ሊቀደድ ይችላል። ወደ ኋላ ሁሉም!"

ከትሪው ጀመሩ። ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንስተው በመዳፋቸው እየመዘኑ ያስቀምጣሉ።

"ሐብሐብ ነው እንዴ የሚመርጡት?" አለ አንዱ ጎረምሳ ከሩቅ።

"ፓሻው ከውሃ እጥፍ ሊከብድ ትንሽ ነው የቀረው። እጄ ያውቀዋል" አሉ ቀና ሳይሉ።

ሠላሳዎቹም ውሃ ሆኑ። የመጨረሻውን ሲያስቀምጡ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ።

የዚያን ሰዓቱን ነገር እንዴት ልንገራችሁ? የመኪናው ሰልፍ ረዝሟል፣ ጥሩንባው ይጮሃል፣ ከየመስኮቱ እጅ ተዘርግቷል። ሁሉም በዚያ ሙቀት ሲጾም የዋለ ነው። አንድ ትከሻው በር የሚያህል የጭነት መኪና ሾፌር ከመኪናው ወርዶ እየተንጎማለለ መጣ።

"አንተ ሰውዬ! ከሌሊት ጀምሮ ጾሜ አሁን አንተ ትከለክለኛለህ?"

"ተምሩን ብላ፣ ወንድሜ። ውሃውን ግን ሁለት ደቂቃ ታገሰኝ።"

"ክርስቲያን ቆሞ ጾመኛን ውሃ ሲከለክል አየን እኮ፣ ጎበዝ!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ዓም ባኹም ግን አልዞሩም፤ በርሜሉ አጠገብ ተንበርክከው ነበር።

"ቱልባ፣ በረዶውን በእንጨት ቀስ አድርገህ ወደ ዳር ግፋልኝ። እንዳትወጋ። ግፋ ብቻ።"

በረዶው ገለል ሲል ጠርሙሶቹ አንገታቸውን አውጥተው እየተጋጩ ይዋኛሉ። ዓም ባኹም እስከ ክርናቸው አስገብተው ተንሳፋፊዎቹን በክንዳቸው ከፈሉና አጎንብሰው ታች ታቹን አዩ።

"ውሃ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል" አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። "እሱ ግን ክብሩን ጠብቆ ወርዶ ተኝቷል።"

እውነትም በርሜሉ ወለል ላይ አንዲት ጠርሙስ ብቻዋን ተጋድማለች። ሆዷ ደፍርሶ ወተት መስሏል። ሁለት እጃቸውን ከሥሯ አስገብተው፣ አራስ ልጅ እንደሚያነሳ ሰው ቀስ አድርገው አውጥተው ከባልዲው ሶዳ መሃል አስተኟት። ያ የጭነት መኪና ነጂ እንኳ ተምሩን አፉ ውስጥ ይዞ ማኘኩን ትቶ ነበር።

ይህም አልበቃቸውም። ከሸሚዛቸው ኪስ ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀት አወጡ።

"አሁንስ ምንድን ነው?" አለ ቱልባ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

"ጠብታ አምልጦ እንደሆነ ይኼ ይቀላል። ከቀላ ይኼ ሁሉ ውሃ ይደፋል።"

ወረቀቱን በርሜሉ ውስጥ ነክረው ወደ ላይ አነሱት። ሃምሳ የሚሆን የተጠማ ሰው አንገቱን አስግጎ ጣት የምታህል ወረቀት ያያል። ወረቀቷ ሰማያዊ እንደሆነች ቀረች።

"ጠጡ!" አሉ ዓም ባኹም።

ሰው ሁሉ በርሜሉ ላይ ወረደበት። ውሃ ሲንቆረቆር፣ "አልሐምዱሊላህ" ሲባል፣ በሮች ሲዘጉ ሰማሁ። እኔ ጠርዝ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ትልቁ ሾፌር ሁለት ጠርሙስ በላይ በላዩ ከጨለጠ በኋላ አፉን በእጅጌው ጠርጎ መጣ።

"እሺ፣ አሁን ንገሩኝ። ይኼን ያደረገ ማነው?"

ቱልባም ጎረምሶቹም ዞሩ። እኔ ከዓም ባኹም ሁለት እርምጃ ላይ ነኝ። ብድግ አልኩ፣ አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት የመጣልኝ ነገር የሙከራ ጊዜዬ አለማለቁ ነው፤ ከዚያ አብላ ኢቲማድ፤ ከዚያ ጎረቤት። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።

"እኔ ነኝ" አሉ ዓም ባኹም። "እርጅና ነው። ስም ሳልጽፍበት ቀዳሁ። ይቅር በሉኝ።"

ሾፌሩ ሊሰድባቸው አስቦ ሽበታቸውን አየና ተወው። ዓም ባኹም ባልዲያቸውን አንጠልጥለው፣ ብስክሌቱን እየገፉ በእግራቸው ሄዱ። እኔም ዝም አልኩ። የጾም ድርቀት ነው ብዬ ራሴን ብዋሽም ውሃ ጠጥቼም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ገና ደወል ሳይደወል በርጩማቸው አጠገብ ቆምኩ።

"ለአብላ ኢቲማድ እውነቱን ልነግራቸው ነው።"

"ንገሪያቸውና ቤትሽ ግቢ። የሙከራ ጊዜሽ አላለቀም፤ ያባርሩሻል። እኔ የቀረኝ ሁለት ወር ነው። ምን ያደርጉኛል? በርጩማዬን ይወስዱብኛል?"

"ስምዎትስ?"

"ስም የሚያስፈልገው ለጠርሙስ ነው" አሉና ሳቁ። "ግን በነፃ እንዳይመስልሽ። እኔ እስክወጣ ድረስ በየጠዋቱ እየመጣሽ በፊቴ ትቀጃለሽ። በጓንት፣ በመነጽር፣ በስም።"

እንዲህ ተስማማን። ተስማማን ነው የምለው፤ እውነቱ ግን እንዲሸከሙልኝ ተውኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ፣ ፈተናው አልቆ ተማሪዎቹ ከተበተኑም በኋላ፣ በየጠዋቱ አስተማሩኝ። ስቸኩል ያስቆሙኛል፤ ጠርሙሱን ስይዝ የተለጠፈው ስም ወደ መዳፌ እንዲሆን፣ የሚንጠባጠበው ጽሑፉን እንዳይበላው ያስታውሱኛል፤ ረመዳን ካለፈ በኋላ ደግሞ በትክክል የቀዳሁ ቀን ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ወስደው ሻይ ይጋብዙኛል። ዛሬ የዚያ ቁም ሣጥን ቁልፍ እኔ ወገብ ላይ ነው፤ ልጃገረዶቹም በኮሪደሩ ላይ የሚያስመስሉት እኔን ነው።

ለዓም ባኹም ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ በሠላሳ አራት ዓመት የመጀመሪያው። አሲዱን የለመነኝ ኡስታዝ ረኡፍ ነገሩ ወደ እሱም እንዳይመጣ አፉን ዘጋ፤ ዓም ሸልቢም እኔ ያስቀመጥኩትን ጠርሙስ የቀዱት እሳቸው መስሏቸዋል። ከተማውም መቀለጃ አደረጋቸው። ሻይ ቤት ሲገቡ ባለቤቱ ብርጭቋቸው ላይ "ሻይ" ብሎ ወረቀት ይለጥፋል። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ "ዓም ባኹም፣ ይኼ ውሃ ነው ወይስ እናንተ ቤት የሚጠጣው?" ይላቸዋል። አብረው ይስቃሉ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ አንዳንዴ አብሬ እስቅ ነበር። ኡም ቄርሎስን አንድ ቀን ገበያ አየኋቸው። ሻጩ "ዓም ባኹም እንዴት ናቸው?" ሲላቸው "ደህና ነው" ብቻ ብለው ቲማቲሙን ሳይመርጡ አፍሰው ሄዱ። ሰላም ልላቸው አልደፈርኩም።

የስንብቱ ቀን በመምህራን አዳራሽ ኬክና የዘይቱን ጭማቂ ቀረበ። ዓም ባኹም አንድ ያለቻቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰው ፊት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ኡም ቄርሎስ በአዲስ ቀሚስ። አብላ ኢቲማድ ንግግር አደረጉ።

"ሠላሳ አራት ዓመት፣ ነቁጥ የሌለበት አገልግሎት..." አሉና ቆም ብለው ፈገግ አሉ፤ "ከአንዲት ጠርሙስ በቀር!"

አዳራሹ ሳቀ። ዓም ሸልቢም ይኼን ሲጠብቁ ኖሮ አንድ ጠርሙስ ውሃ በትሪ ይዘው ገቡ። በትልቁ "ውሃ" ተብሎ ተጽፎበታል። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከሁሉም በላይ የሚስቁት ዓም ባኹም ናቸው። ዓይኔ ኡም ቄርሎስ ላይ አረፈ። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል።

ያንን ማየት አልቻልኩም። ብድግ አልኩ።

"ጠርሙሱ የኔ ነበር" አልኩ።

አልተሰማም። ደገምኩት። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ትርፉን ቁልፍ፣ አበባውን፣ ሚኒባሱን፣ "ማን ውሃ ይጠጣል?" ያልኩትን ሳይቀር።

"ልጅቷ ሙቀቱ አዙሯታል" አሉ ዓም ባኹም ተነስተው። "ውሃ ስጧት።"

"አላዞረኝም! እሳቸው ያን ቀን ቀብር ሄደው ነበር። ዓም ሸልቢ ያውቃሉ።"

ዓም ሸልቢ ትሪያቸውን እንደያዙ አሰቡ። "በአላህ እውነት ነው! ቀብር ነበሩ እኮ። እንዴት ሳላስበው ቀረሁ!"

ኡም ቄርሎስ ቀስ ብለው ቀና አሉና ባላቸውን አዩ።

"እኔንም ዋሸኸኝ?"

"ስሚኝማ፣ ኡም ቄርሎስ..."

"ሁለት ወር 'አርጅተሃል፣ አሳፈርከኝ' እያልኩ ስሰድብህ ዝም? አኩርፌህ ከልጆቹ ክፍል ስተኛ ዝም? ዝም ብለህ ሽንኩርትህን ትልጣለህ?"

ዓም ባኹም ራሰ በራቸውን አሻሹ። ኡም ቄርሎስ ተነስተው ወደ እኔ መጡ። በጥፊ የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመቱኝም ደስ ባለኝ። ፊት ለፊቴ ቆሙ። ዓይናቸው ዕንባ ሞልቶታል።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ስንኖር አንድ ሌሊት አኩርፌው አድሬ አላውቅም ነበር" አሉኝ በዝግታ። "ይኼን ሁለት ወር የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ። ከየት ታመጪልኛለሽ?"

እንደ ልማዳቸው ሊያድኑኝ የፈለጉት ዓም ባኹም ናቸው፤ ከኋላ ሆነው ጮክ ብለው፦

"ተይ እንጂ አንቺ ሴትዮ! እኔ እንደሆንኩ ሁለት ወር አረፍኩ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኡም ቄርሎስና እኔ ግን አልሳቅንም።